በፒዲኤፍ የተላከ አንደበት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕሙም በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ወሩ ሳይወጣም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ሸክፈው፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደየመጡበት ተሸኙ። በብዙ ግቢዎች ትናንት ተማሪ ይተኛባቸው የነበሩ ዶርሞች ለለይቶ ማቆያ ተሰናዱ። ተማሪው ከግቢው በር ሲወጣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያስተሳሰረው ክር አንድ የእጅ ስልክ ብቻ ነበር፤ በስልኩ ውስጥም አንዲት የቴሌግራም ግሩፕ። ሳምንታት አልፈው በዚያች ግሩፕ ላይ ፋይል ወደቀ። የፋይሉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የመግባቢያ እንግሊዝኛ ክሂሎች» ይሆናል። ከሥሩ «አንብቡ» የሚል ትእዛዝ፤ ከትእዛዙ ሥር ደግሞ ወደ ላይ የተቀሰሩ አውራ ጣቶች።

በሪፖርት አማርኛ ይህ «የመማር ማስተማሩ ሂደት በኦንላይን ቀጥሏል» ተባለ። ዓመታት ካለፉ በኋላም ስለዚያ ዘመን ሲወሳ የሚሰማው ወግ ከዚህ ብዙም አልራቀም፦ ትምህርቱ ቀጥሎ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን አስቸገረ፤ ኔትወርኩ ሲሻሻል ትምህርቱም ይሻሻላል። ከዚህ ወግ የመጀመሪያው ክፍል እውነት አይደለም። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ነገር ግን መደበቂያ ሆኗል። ሦስተኛው ደግሞ ገና ያልተፈጸመ ስሕተት ነው።

ነገሩ የደረሰበት ተማሪ ማን እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ወደ አራት ዓመት ተመልሶ «ፍሬሽማን» የሚባለው ዓመት ዳግም የተጀመረበት ጊዜ ነው። አዲስ ገቢው ሁሉ፣ መሐንዲስ ሊሆን የመጣውም ሆነ ታሪክ ሊያጠና ያሰበው፣ የጋራ ኮርሶችን እንዲወስድ ተደረገ። ከነዚህ መካከል የመግባቢያ እንግሊዝኛ አንደኛና ሁለተኛ ተብሎ በሁለት ሴሚስተር ተተከለ። ምክንያቱ ስውር አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላም ተማሪው ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው አንዲት ጥያቄ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ሳይችል ነው የሚለው ቅሬታ ከመምህሩም ከቀጣሪውም አፍ አልጠፋም። ስለዚህ አንድ ዓመት ተሰጠው፤ አንደበቱን የሚፈታበት ዓመት። በዓመቱ መግቢያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው በተነሣው ሁከት ብዙ ተማሪ ትምህርቱን ትቶ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ያ በረድ ሲል ወረርሽኙ መጣ። እነሆ አንደበት ሊፈታበት የተመደበው ዓመት በዝምታ አለቀ።

«መግባባት» የሚለውን ቃል አማርኛ በዋዛ አላበጀውም። ሥሩ «ገባ» ነው፤ ነገር ለሰው ሲገባው፣ ቃል ወደ ልብ ሲዘልቅ። ግሱ «ተግባባ» ሲሆን ግን ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደ አንዱ መግባት አለበት። «ልጁ ትናንት ማታ ብቻውን ሲግባባ አመሸ» ቢባል የሰማ ሁሉ ይስቃል። እንግሊዝኛው ቃል የሚሸፍነውን አማርኛው በግሱ ቅርጽ ያጋልጠዋል። ይህን የኮርስ ስም ወደ አማርኛ የመለሰ ማንም ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ከማን ጋር?» ብሎ ነበር። (ለነገሩ «በይነ መረብ» በሚለው ቃል ውስጥም «በይነ» የገባው በሁለት ወገን መካከል ያለውን ለማመልከት ነው። በነዚያ ወራት መረቡ ተዘርግቶ ይሆናል፤ «በይነ»ው ግን አልነበረም።)

አንባቢ እስቲ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዐይነ ኅሊናው ይመልከት። ስም አያሻትም፤ ብዙ ናትና። ቤተሰቧ ገበሬ ነው፤ ቤታቸው ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። ባትሪዋን የምትሞላው በገበያ ቀን ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ደመና ሲከብድ ይጠፋል። ጧት ውኃ ትቀዳለች፤ ቀን እንጀራ ትጋግራለች፤ ዩኒቨርሲቲ መግባቷ የጓዳውን ሥራ አላስቀረላትም። ወንድሟም ቢሆን ከእርሻ አልቀረም፤ ክረምቱ ሲገባ አረም የተማሪ እጅ፣ ያልተማረ እጅ ብሎ አይመርጥም። አመሻሹ ላይ ጉብታው ላይ ወጥታ ስልኳ ላይ ስታፈጥ እናቷ ከደጃፍ ሆነው ይጣራሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ተገትረሽ የምታመሺው ምን ሆነሽ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ትምህርት እኮ ነው፣ እማዬ። መምህሩ የላኩት ነው።»

«ምን ዓይነት ትምህርት ነው? አንድም ቀን አፍሽን ስትከፍቺ አልሰማሁ። ድሮ ስታጠኚ እኮ ጎረቤት ይሰማሽ ነበር።»

እናቲቱ ፊደል አልቆጠሩም ይሆናል። የቋንቋ ትምህርት ድምፅ እንዳለው ግን ያውቃሉ፤ በአጥቢያቸው ሕፃናት ከዛፍ ሥር ተሰብስበው ሲያነበንቡ እየሰሙ ነው ያደጉት። ይህች አገር ማንም በቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ ለማስተማር እንግዳ አይደለችም። ግእዝ የማንም አፍ መፍቻ ካልሆነ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውታል፤ ሆኖም የንባብ ተማሪው በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እየተመላለሰ፣ የኔታ ጆሮአቸውን ሰጥተው ማጥበቅና ማላላቱን እያረሙ፣ አንዷን ገጽ በአፉ ሳይፈጭ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ቅኔ ቤት የገባውም ያደረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይዘርፋል እንጂ ጽፎ አስቀምጦ አይሄድም። በወሎም በሐረርም ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ዓረብኛውን የሚይዘው በድምፅ ነው፤ ሉሑን ይዞ ከሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ። በነዚህ ጉባኤዎች ላይ ሊነሣ የሚችለው ነቀፌታ ብዙ ነው፤ አለንጋውም አንዱ ነው። ነገር ግን ከተማሪው አፍ ያልወጣን ቃል «ተምሯል» ብለው አያውቁም። ያን ድፍረት ያገኘው ዘመናዊው ትምህርት ነው።

ስለ ኔትወርኩ የሚባለው እርግጥ ነው፤ ቶሎ ተናግሮ ማለፍ ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. በአገሩ የነበረው የቴሌኮም ድርጅት አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ፎርጂ የሚባለው ፈጣን መስመር ያን ጊዜ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ አልወጣም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም እንደተዘጋ ቆየ። «በኦንላይን ቀጥሏል» የተባለው ትምህርት በነዚያ ሦስት ሳምንታት ምን ላይ እንደቀጠለ ያስረዳ የለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ደግሞ ስልኩም ኢንተርኔቱም አብሮ ተቆረጠ፤ ለዚያ ተማሪ ጥያቄው የሜጋ ባይት ሳይሆን የነፍስ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነ ነው። ግን አንድ ተጠየቅ ይቀራል። ኔትወርኩ ከዳር እስከ ዳር፣ ከሞያሌ እስከ ሁመራ፣ ያለ እንከን ቢሠራ ኖሮ፣ በዚያ ንጹሕ መስመር ላይ ምን ይተላለፍ ነበር?

መልሱን ለማግኘት መገመት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ታይቷልና። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተተከለ። በደቡብ አፍሪካ የተሰናዳ ትምህርት በሳተላይት እየወረደ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ፣ ለጎንደሩም ለአርባ ምንጩም ልጅ ይደርስ ጀመር። ያን ዘመን ያየ ሰው አይረሳውም። ስክሪኑ ላይ ያሉት መምህር በማይዘገይ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ለመልስ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣሉ፤ ተማሪው የጥያቄውን የመጀመሪያ ቃል ገና እየፈታ ሳለ መልሱን ራሳቸው ተናግረው፣ አመስግነውትም ያልፋሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ አብላጫውን ስክሪኑ ይወስደዋል። ለክፍሉ መምህር የምትቀረው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው ቁራጭ ናት፤ እሷም ስም ለመጥራት አትበቃም። ባለሙያው ሰው ቴሌቪዥን አብሪና አጥፊ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ጠፋ። ያን ጊዜም ቅሬታው ሁሉ ስለ መብራቱ፣ ስለ ዲሹና ስለ መለዋወጫው ሆነ። ጥያቄ የማይሰማ መምህር እንዴት ቋንቋ ያስተምራል የሚለው ነገር እንደ ቅንጦት ተቆጠረ። (የዙም ነጻ ስብሰባም በ40 ደቂቃ ይዘጋል። አጋጣሚ ነው፤ ግን የፕላዝማን ደወል የሚያስታውስ ሰው ፈገግ ሳይል አያልፈውም።)

የነገሩ ቋጠሮ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በ1997 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ፕላዝማ ፊት የተቀመጠ ልጅ፣ በ2012 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ነው። ጎበዝ ከነበረ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ከበረታ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዟል፤ ቀንቶት ከሆነ ሌክቸረር ሆኗል። በቴሌግራም ፋይል የላከው መምህር ከአያሌው አንዱ እሱ ነው። እንግሊዝኛ ማለት ከአንድ ወገን የሚወርድ፣ መልስ የማይጠብቅ ነገር ነው የሚለውን ትምህርት የተማረው ከየትም አይደለም፤ በልጅነቱ፣ ሊጠይቀው ከማይችለው መምህር ነው። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. ፋይሉ ሲወድቅ መምህሩም ተማሪውም አልደነገጡም። ሁለቱም ያውቁታል። ስክሪኑ ከግድግዳ ወርዶ መዳፍ ላይ ማረፉ ብቻ ነው አዲስ የነበረው።

ይህ ሲባል «እንግዲያው በግንባር የሚሰጠው ትምህርት ይሻል ነበር» ብለው ደረታቸውን የሚነፉ አይጠፉም። እነዚህም ቢሆኑ ዝም ብለው ሊታለፉ አይገባም። ስድሳ ሰው በታጨቀበት አዳራሽ መምህሩ የእንግሊዝኛውን ሞጁል በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እያስረዳ፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ እየገለበጠ ይሄዳል። በሴሚስተሩ ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ልጅ ኤ አግኝቶ ያልፋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይም የንግግር ችሎታ የሚመዘነው በእርሳስ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የሚያሳይ ጽሑፍ ይቀርባል፣ የጎደለውን ንግግር ከአራት ምርጫ ለይቶ ክቧን ማጥቆር ነው። በዚህ መንገድ እንግሊዝኛ «ተናጋሪ» የሆኑ ወጣቶች ቍጥር ቀላል አይደለም። ወረርሽኙ ጤነኛ ትምህርት አላሳመመም፤ የታመመውን ገለጠው እንጂ።

ሆኖም ገለጠው ማለት ምንም አልወሰደም ማለት አይደለም። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ግቢው የሰጠው እንግሊዝኛ ትንሽ ነበር፤ ትንሿ ግን ሌላ ቦታ አትገኝም። ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ያለ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋበት እንግሊዝኛው አብሮ አይዘጋበትም። ማታቱ ላይ ይሰማዋል፤ ጋዜጣው፣ ችሎቱ፣ ባንኩ፣ የቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሳይቀር በዚያ ቋንቋ ይመጣበታል። ለእሱ የኦንላይን ትምህርት ጉድለት የትምህርት ጉድለት ነው። የዩጋንዳ ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በጃንዋሪ 2022 ነው፤ በረዥሙ መዘጋት የጠፋው ጊዜ እጅግ ብዙ ነው፤ የእንግሊዝኛ ድምፅ ግን ከካምፓላ አየር ላይ አልጠፋም። ለኢትዮጵያዊው የሚቀርበው የታንዛኒያው ተማሪ ነው። እሱም አንደኛ ደረጃን በኪስዋሂሊ ጨርሶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በድንገት እንግሊዝኛ ውስጥ የሚወረወር፣ ከክፍል ሲወጣ በገበያውም በመንገዱም ኪስዋሂሊ የሚጠብቀው ነው። የታንዛኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጁን 1 ቀን 2020 ተከፈቱ። አከፋፈታቸው በጤና በኩል ብዙ የተተቸ ነው፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። ግን ተማሪው እንግሊዝኛ የምትሰማባትን ብቸኛ ደሴት ያጣው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ከግቢው በር ሲወጣ ከእንግሊዝኛ አገር መሰደዱ ነበር፤ በሩ የተከፈተለት በ2013 ዓ.ም. ነው፣ ያውም በየተራ፣ ተመራቂዎች ቀድመው፣ በተጣበበ የጊዜ ሰሌዳ።

በተመሳሳይ ወራት በአዲስ አበባ፣ ቤቱ ዋይፋይ ያለው የባለጠጋ ልጅ እንግሊዝኛውን ሲያሻሽል ከረመ። ፊልሙ፣ ጌሙ፣ ዩቲዩቡ፣ ከውጭ ካሉት የአክስት ልጆች ጋር የሚደረገው ጨዋታ፣ ይህ ሁሉ ያለ መምህር አንደበቱን ፈታለት። ይህን እያዩ «ኢንተርኔት እንግሊዝኛ ያስተምራል» የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ያላዩት ነገር ግን አለ። ያንን ልጅ ያስተማረው የተላከለት ፋይል አይደለም፤ የሚመልስለት ሰው ማግኘቱ ነው። ጉብታው ላይ የቆመችው ልጅ ያጣችውም ያንኑ ነው። ሁለቱ ሲመለሱ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ፈተናም ይለካሉ።

ያን ጊዜ ምን ይደረግ ነበር የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚቀርበው መልስ የሌለው እየመሰለ ነው። መልሱ ግን በዚያችው ቴሌግራም ላይ፣ ከጽሑፍ ማስገቢያው አጠገብ፣ የማይክራፎን ምልክት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከአንድ ሜጋ ባይት በብዙ ያንሳል። በሥዕል የታጨቀ፣ በስካነር የተነሣ አንድ ሞጁል ዐሥርና ከዚያ በላይ ሜጋ ባይት ይሆናል፤ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባማ በመቶዎች ይቆጠራል። ለተማሪዋ የሞላችው ካርድ አንድ ሞጁል ለማውረድ ከበቃ፣ ዐሥር ጊዜ ለመናገርና ዐሥር ጊዜ ለመሰማት ይበቃ ነበር። «ትናንት ምን ሠራሽ? በአንድ ደቂቃ ንገሪኝ» የሚል ጥያቄ፤ በማግሥቱ ከጉብታው ላይ፣ ነፋስ እየነፋበት፣ በሬ እያገሣበት የሚመጣ የተንተባተበ መልስ፤ ከመምህሩ ደግሞ አንድ እርማት። ኔትወርኩ ደካማ ቢሆን መልእክቷ ቆይታ ትሄዳለች እንጂ አትጠፋም፤ በቀጥታ ስርጭት መገናኘትን አትጠይቅም። ይህን ያደረጉ መምህራን ጨርሶ አልነበሩም ማለት በደል ይሆናል። ግን ከራሳቸው ኪስ ዳታ እየገዙ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳያመሰግናቸው ያደረጉት ነው። ደንብ የሆነው ፋይሉ ነው፤ ፋይል ይቆጠራል፣ ለበላይ ይላካል፣ «ይህን ያህል ተማሪ ሞጁል ደርሶታል» ይባልበታል። መንተባተብ አይቆጠርም።

በዚህ መሐል ማሽኑ ገባ። ጎግል ትራንስሌት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ያውቃል፤ ማወቅ ከተባለ። አንቱታን ከእንግሊዝኛው «ዩ» ውስጥ ፈልጎ የማያገኝ፣ አንቺን አንተ ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ነው፤ ለፈተና መልስ ግን ይበቃል። በእንግሊዝኛ «ስለ ራስህ አንድ አንቀጽ ጻፍ» የተባለ ተማሪ በአማርኛ ጽፎ፣ በማሽኑ አዙሮ፣ መልሶ ቢልክ ማን ይፈርድበታል? አንድም ሰው አነጋግሮት አያውቅም። ለፋይል በፋይል መለሰ። ከኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. በኋላ ቻትጂፒቲ ሲመጣ ደግሞ አማርኛውም አላስፈለገም። ዛሬ በየዲፓርትመንቱ «ተማሪዎቻችን በማሽን እያጻፉ አስቸገሩን» የሚለው እሮሮ ይሰማል። እሮሮው በዚያ ዓመት ከተዘራው ዘር የበቀለ ነው። ተማሪው የላከው ጽሑፍ የማን እንደሆነ ያለ ብዙ ምርመራ የሚታወቅበት መንገድ አንድ ነው፤ ጠርቶ ማነጋገር። ያ ደግሞ ድሮም አልተለመደም።

«የአደጋ ጊዜ ነበር፤ ከምንም ይሻላል» የሚለው መከላከያ የዋሆችን ይረታል። አደጋ ነበር፤ ማንም አልካደውም። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ በሆነ ሰዓት የተሠራ ወጥ ቅመም ቢጎድለው አይነቀፍም። የሚነቀፈው ውኃ አቅርቦ ዶሮ ነው ማለት ነው። «ዘንድሮ የመግባቢያ እንግሊዝኛ አላስተማርንም፤ ስትመለሱ ከመጀመሪያው እንጀምራለን» ብሎ መናገር ይቻል ነበር። ይህን ለማለት ኔትወርክ አያስፈልግም። ይልቁንም ከተመለሱ በኋላ የቀረው ትምህርት በጥድፊያ ተዘጋ፣ ውጤት ተሞላ፣ ክሬዲቱ ተመዘገበ። አንድ መዝገብ ላይ «የመግባቢያ እንግሊዝኛ» በሚለው ረድፍ ፊት የሰፈረ ፊደል ተማሪው ከሰው ጋር ተነጋግሮ እንደነበር ምስክርነት ነው። ያ ምስክርነት በስንቶቹ ላይ በሐሰት ተሰጠ? ይህን የቆጠረ የለም፤ ሊቆጥር የፈለገም አልታየም።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። ደመወዙ የወር አስቤዛ የማይሸፍንለት፣ የኦንላይን ማስተማር ሥልጠና ሳይሰጠው በአንድ ደብዳቤ «ወደ ኦንላይን ግባ» የተባለ፣ መቶ ሃምሳ ተማሪ የተጫነበት ሰው ነው። መቶ ሃምሳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ መስማት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ማረሙ ሳይቆጠር። ይህ ግን የሚያሳየው ሥራው የማይቻል መሆኑን አይደለም፤ የመምህሩ የማዳመጥ ሰዓት በማንም የሥራ ድልድል ውስጥ ገብቶ አለማወቁን ነው። የንግግር ሰዓቱ ተቆጥሮ ይከፈለዋል። የማዳመጥ ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ከነበሩት መካከል በአራት ዓመት የሚመረቁት ትምህርታቸውን የጨረሱት በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ፤ በእንግሊዝኛ፣ በኮምፒውተር። ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 40 ያህሉ ናቸው። ይህን ውጤት ለወረርሽኙ ብቻ መስጠት ሐሰት ይሆናል፤ ጦርነትም ነበር፣ ከዚያ በፊት የተጠራቀመ ብዙ ዕዳም ነበር። በፈተናው ማግሥት በሰፊው የተወራው ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ መብራቱና ስለ ኔትወርኩ ነበር። ፈተናው ምርጫ ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ተማሪው አፉን እንዲከፍት የሚጠይቅ አንድም ቦታ አልነበረበትም፤ ጣቱን ማውዙ ላይ አሳርፎ፣ አንዱን ክብ ነክቶ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ።